ዘርህ ስንት ነው?

«ዘር» የምትለው ቃል ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በየትምህርት ክፍሉ በር መታወቂያ ትቀይራለች። ሒሳብ ክፍል የ9 ዳግም ዘር 3ም ነው፣ ነጋቲቭ 3ም ነው፤ ሁለት ዘር አለው ብሎ 9ን የሚጠረጥረው የለም። የግዕዝ ሰዋስው መምህሩ ከግሥ የሚወጣውን ስም ሳቢ ዘርና ጥሬ ዘር ብለው ይለዩታል፤ እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ ግሥ አልተሰማም። እርሻ ክፍል የድቅል በቆሎ ዘር በምርታማነቱ ይሞገሳል፣ በኪሎ ተመዝኖም በውድ ይሸጣል፤ የ«ድቅል» ወንድም «ዲቃላ» ግን ሰው ላይ ሲያርፍ ስድብ ነው። ዐውዱ ይለየዋል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ሦስቱም ክፍሎች ቃሉን ከመጠቀማቸው በፊት ይበይኑታል። የፖለቲካው መድረክ ግን ብያኔውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ቆጠራ ይገባል፤ የዘረመል ባለሙያው የማንኛውም ሁለት ሰው ዘረመል 99.9 በመቶ ገደማ አንድ ነው ቢለው እንኳ፣ የቀረችውን 0.1 ይዞ ስብሰባ ይጠራል።