ጉርሻ በምስክር ፊት

የአገራችን የስብሰባ ተጓዥ በብዙ ነገር ይታማል፤ በጉርሻ ግን ማንም ሊያማው አይገባም። ወደ ቢሾፍቱ ይውጣ ወደ አዳማ፣ ሐዋሳ ይውረድ ባሕር ዳር ይዝለቅ፣ ለሆቴል ሠራተኛ ምን ያህል መስጠት እንዳለበት ጠንቅቆ ያውቃል። ስሌቱም ለማንም አይከብድም፤ የሚያየው ሰው ካለ ይሰጣል፣ ከሌለ ይመርቃል።

ስሌቱ ሥራ የሚጀምረው ገና ከበሩ ነው። ብቻውን የመጣ እንደሆነ ሻንጣውን ከተሸካሚው ልጅ ጋር ይጓተታል። «ተወው ወንድሜ፣ ቀላል ነው፣ እኔው እይዘዋለሁ» እያለ አራተኛ ፎቅ ድረስ ላብ በላብ ሆኖ ይወጣል፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ጥገና ላይ ነው። ያው ሰው የመምሪያ ኃላፊዋ አጠገቡ ቆማ ከሆነ ግን የላፕቶፕ ቦርሳውን እንኳ ራሱ መያዝ ያቅተዋል። ልጁ ይጠራል፣ ሻንጣው ይሄዳል፣ መቶ ብርም ከሁሉም ዓይን ትይዩ ተዘርግታ ትሰጣለች። አጣጥፎ በእጅ ማስጨበጥ የድሮ ሰዎች ነገር ነው፤ የታጠፈ ብር መቶ ይሁን አሥር ማን ያውቅለታል?

ጥበቡ የሚጎመራው ግን በሥልጠናው ሁለተኛ ምሽት ነው። አበሉ ተፈርሞ ተወስዷል፣ ኪስ ሞቋል፣ አለቃውም ባልደረባውም አዝማሪ ቤት አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲጠጋ ሰልጣኙ አጠገቡ የተቀመጠውን በክርኑ ጎሸም ያደርጋል፤ ስሙን ሹክ እንዲልለት ነው። አዝማሪው ስሙን ተቀብሎ አንበሳው፣ ጀግናው፣ የድሆች አባት እያለ ያወርድለታል። የድሆች አባት ተብሎ ዝም የሚል ማን አለ? ድፍን ሁለት መቶ ብር ይመዘዝና ከአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽ ካለ አንድ ይደገማል፤ የፊተኛው በቅጡ ሳይቀረጽ ቀርቶ ቢሆንስ?

በማግስቱ ጠዋት የድሆች አባት ክፍሉን ትቶ ለቁርስ ይወርዳል። እሱ እንቁላሉን በቃሪያ አስጠብሶ እስኪበላ እኛ ክፍሉን እንይ። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ገራባ ተጎዝጉዟል። ምንጣፉ ላይ የኦቾሎኒ ቅርፊት፣ ኮመዲኖው ላይ ሲጋራ የተተረኮሰበት የውኃ ላስቲክ። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ እርጥብ ፎጣዎች፣ ከእነሱም አንዱ ጫማ የተወለወለበት፤ ነጭ ፎጣ ጥቁር ቀለም አይደብቅም። ይህን ሁሉ አንሥታ፣ ፍራሹን በጉልበቷ ደግፋ አንሶላውን የምትወጥረው ሴት ከዚህ ክፍል በፊትም በኋላም ሌላ ክፍል አለባት። የተተወላት ስንት ነው? ምንም። ጥፋቱም የራሷ ነው፤ ማሲንቆ አልያዘችም። ትራሱን እያራገፈች የእንግዳውን ስም እየጠራች ብታወድስ ኖሮ ግንባሯ ላይ ለመለጠፍ ማን ይሰስት ነበር?

በኮሪደር ድንገት ቢያገኛትም እንዲሁ አያልፋትም። «ተባረኪ የኔ እናት፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል። ምርቃት ደግሞ ከብር በብዙ ይበልጣል፦ መንዝሩልኝ አያሰኝም፣ በኑሮ ውድነት ዋጋው አይወርድም፣ ከሥራ ሲወጡ ፍተሻ ላይ አይያዝም። ይህን እስካሁን ያልተረዱት የቤት አከራይዋ ብቻ ናቸው።

ለምን አልሰጠህም ብሎ የሚጠይቅ ደፋር ከተገኘ ተጓዡ የሚመልሰው ደንብ ጠቅሶ ነው። ጉርሻ ደረሰኝ የለውም፣ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ አይወራረድም፤ የፋይናንስ ክፍሉን ማን ይጋፈጣል? እርግጥ ውሎ አበሉ ራሱ ተበላበት አልተበላበት የሚል ጠያቂ የለበትም። ቁርስ በሆቴሉ፣ ምሳ በአዘጋጁ፣ የሻይ ዕረፍቱም ከነብስኩቱ በለጋሹ ሂሳብ አልፎ አበሉ ሳይነካ ወደ ቤት እንዲመለስ የሚደረገው ተጋድሎ የግል ጉዳይ ስለሆነ አንገባበትም። በናፕኪን ተጠቅልሎ ቦርሳ የገባውን ሙዝም አላየንም።

ሌላም አስተማማኝ መከላከያ ነበረን፤ «ዝርዝር የለኝም» ይባላል። ቴሌብር መጥቶ አፈረሰብን። ደግነቱ ምትኩ ወዲያው ተገኘ፤ «ኔትወርክ የለም»።

ከዋሽንግተን ዲሲ ለእረፍት የመጣው ወንድማችን ከአገር ቤቱ ተጓዥ የሚለየው ጉርሻን ከሁለቱም ወገን ስለሚያውቅ ነው። ከእሱ ቢጤዎች መካከል መኪና እያቆመ፣ ሻንጣ እየተሸከመ፣ ሳህን እያመላለሰ በቲፕ የኖረ ሞልቷል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ፈቅ እንዳላለ በሚገባ ያውቃል፤ ሳይሰጥ የሚሄድ ደንበኛንም እዚያ ሲረግም ኖሯል። ቦሌ ሲያርፍ ግን እርግማኑ ወደ ፍልስፍና ይለወጥለታል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ የሚያመጣለት ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ጉርሻው ለምን እጥፍ እንዳልሆነ ሲጠየቅ «ብዙ ከሰጠናቸው እኮ ይበላሻሉ» ይላል። ስለዚህ የሠራተኛውን ግብረ ገብ በአሥር ብር ይጠብቅለታል።

ሁለቱም ተጓዦች፣ የአገር ቤቱም የውጩም፣ የሚስማሙበት የመጨረሻ ምሽግ አለ፦ «ሂሳቡ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ አለ አይደል?» አለ እንጂ! ብዙ ሆቴል ይጨምረዋል፤ ደረሰኙን ገልጠን እንየው። አልጋው 3,000 ብር ነው እንበል። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 300 ብር፣ ይታከልበታል። ከዚያ በ3,300 ብሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 495 ብር፣ ይመጣል። ጠቅላላው 3,795 ብር። እንግዳው በሠራተኛው ስም ከተጠየቀው 300 ብር የተነሣ ብቻ 45 ብር ታክስ ከፍሏል ማለት ነው። የመንግሥት ድርሻ እስከ ሳንቲሙ ታውቋል፤ አንሶላውን የቀየረችው ሴት ድርሻ ላይ ሲደርስ ግን ደረሰኙ ዝም ይላል። በአንዳንዱ ቤት ወር እየጠበቀ ለሠራተኛው በነጥብ ይከፋፈላል፤ በሌላው የተሰበረ ብርጭቆና የጠፋ ፎጣ ተቀናንሶ የተረፈው ይታደላል፤ በሌላው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኞች የሚገኝን የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ ብሎ አይቆጥረውም። አሠሪው ግን ሲቀጥር ይቆጥረዋል፦ «ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሰርቪሱና ቲፑ ይክስሻል»። እንግዳው ደግሞ «ሰርቪስ ከፍያለሁ» ብሎ ቲፑን ያስቀራል። እንዲህ ሁለቱም አንዱ በሌላው እያሳበበ በሰላም ያድራል። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም በዚያው አዋጅ ከተጻፈ ዓመታት አልፈዋል፤ አልጋ አንጣፊዋ እስካሁን የምታውቀው ወለል የምትወለውለውን ብቻ ነው።

ሸክምን ወደ እንግዳ ማሻገር እኛ የፈጠርነው አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. ማሪዮት በአሜሪካና በካናዳ ሆቴሎቹ ለጽዳት ሠራተኞች ጉርሻ የሚታሸግበት ፖስታ በየክፍሉ ማስቀመጥ ጀምሮ ነበር፤ ብዙዎች «ከፖስታው ይልቅ ለምን ደመወዝ አትጨምሩላቸውም?» ብለው ወረዱበት። የእኛ ሆቴሎች ብልህ ናቸው፤ ከእንዲህ ያለ ሐሜት ለመዳን ፖስታውንም አላስቀመጡም፣ ደመወዙንም አልጨመሩም።

እንግዲህ ስንት ይሰጥ ለሚል ሰው መልሱ ከዚህ ሁሉ ብልሃት ያነሰ ነው። በአዳር ቢያንስ እዚያው ሆቴል የሚጠጣውን የአንድ ቢራ ዋጋ ለክፍል አጽጂዋ ይተው። የሚተወውም በየጠዋቱ እንጂ በመጨረሻው ቀን አይሁን፤ ፈረቃ ስለሚቀያየር የሦስቱን ቀን ገራባ የጠረገችው በአራተኛው ቀን ላትኖር ትችላለች። ብሩንም ጠረጴዛ ላይ ዝም ብላችሁ አትጣሉት። እንግዳ የረሳው መስሏት ለሪሴፕሽን ታስረክበዋለች፤ ይዛው ከወጣች ደግሞ በር ላይ ተፈትሻ ሌባ ልትባል ትችላለች። ትራሱ ላይ አድርጉና በብጣሽ ወረቀት «ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከምስጋና ጋር» ብላችሁ ቀኑንና የክፍል ቁጥሩን ጻፉበት። የሚያጨበጭብ አይኖርም፤ ገንዘቡ ግን ለሠራችው ይደርሳል።

ሂሳብ ስትዘጉ ደግሞ ሥራ አስኪያጁን አስጠሩና 10 በመቶው ለማን፣ መቼና በምን ድርሻ እንደሚከፈል ጠይቁ። አንድ እንግዳ ብቻውን ቢጠይቅ ነገረኛ ይባላል። የአንድ ሥልጠና ተሳታፊ በሙሉ ተሰልፎ ቢጠይቅ ግን ሆቴሉ ለሚቀጥለው ቡድን መልስ ማዘጋጀቱ አይቀርም።