ኦቨኑ ምን አለ?

የድሮ ኦቨን ሲበላሽ ዝም ነው የሚለው። የዛሬው ግን ይናገራል፣ ያውም በምሥጢር። ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቀ «ኤፍ 3» ብሎ ይጮኻል።

በብዙ የአሜሪካ ሥሪት ኦቨኖች ይህ የሙቀት ሴንሰሩ መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። ፋብሪካው ሁሉ የየራሱ ኮድ ስላለው ግን የጎረቤት ትርጉም አይሠራም። ባለሙያ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፣ ሴንሰሩን ነቅሎ በቴስተር ይለካዋል፤ በክፍል ሙቀት 1,080 ኦም ገደማ ካሳየ ጤነኛ ነው። ያኔ ጥርጣሬው ወደ ሽቦው፣ ቀጥሎም ወደ ውዱ ቦርድ ይዞራል።

«ራሴን አጸዳለሁ» ብሎ እስከ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚግለውማ፣ አንዳንዴ ከጽዳቱ በኋላ በሩን ቆልፎ ይቀራል። ንጽሕናው እንዳይነካበት ይሆናል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ብሬከሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። ያልዳነ እንደሆነ ቴክኒሻን ይጠራል። እሱ ሲደርስ ኮዱ ጠፍቶ፣ ኦቨኑ እንደ ጨዋ ልጅ እየሠራ ይቆየዋል፤ የመምጫው ሒሳብ ግን አይጠፋም።