የቅርጫው በሬ አቤቱታ

በበዓል ዋዜማ ቅርጫ የገባ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። በሬው ይጣላል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ ቅጠል ይነጠፍና መደብ መደቡ ይወጣል። ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለየመደቡ ሳይበላለጥ ይደርሰዋል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣና ሁሉም ድርሻውን በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለ አከፋፈሉ የማይጨቃጨቅ የለም። በሬውን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። ስለዚህ ዛሬ በበሬው በኩል ሆኜ አቤት ልል ነው።

ልቤ የደረሰው ለአንድ ቀጠን ያለ ወጣት ሐኪም ነው። የሚገባው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ስለሆነ ልቤም በሌላ ቀን መታመም እንደማይፈቀድለት ተረድቷል። ኩላሊቴን አንዲት ቆጣ የምትል ሴት ወስዳዋለች። ጉልበቴ የሚታየው ሊፍቱ በማይሠራበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ዓይኔ ደግሞ ምድር ቤት። ቢቀያየሩ ምናለበት ብዬ ሐሳብ ባቀርብ ሳቁብኝ። ሁሉም ጎበዞች ናቸው፣ ክፉ አልናገራቸውም። (እናገራቸዋለሁ፣ ግን ቆይቼ።) የልቡን ሐኪም «ልጄ፣ ይሄ ጉልበቴ እኮ…» ብዬ ገና ስጀምር «አባባ፣ እሱ እኔን አይመለከትም፤ ሪፈር ልጻፍልዎት» ይለኛል። እንዴት አይመለከትህም? ልቡና ጉልበቱ አብረው ነው የመጡት! በአንድ ታክሲ፣ በአንድ ሰው ሒሳብ!

በልጅነቴ በወረዳችን አንድ ድሬሰር ነበር። ጥርስ ይነቅላል፣ እባጭ ያፈርጣል፣ ምጥ የጠናባትን ያያል፣ አጥንት የተሰበረውን ለወጌሻ ያስተላልፋል፤ በቅሎ ስትታመምም የሚጠራው እሱ ነው። የመስታወት መርፌውን በአሉሚኒየም ሣህን አድርጎ ላምባ ምድጃ ላይ ሲያፈላው፣ የክዳኑን መንቀጫቀጭ የሰማን ልጆች ከመንደሩ እንጠፋ ነበር። ቆየት ብሎ ደግሞ ከጎንደር የሠለጠኑት መጡ። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ ሆነው ወደ ገጠር ይሂዱ። አንዱ የታመመውን ያክማል፣ አንዷ እናቲቱንና ሕፃኑን ታያለች፣ አንዱ ሽንት ቤት ያስቆፍራል። ሪፈር ቢሉህ መንገዱ በበቅሎ የቀናት ጉዞ ነው፤ ስለዚህ ሪፈር አይሉህም። እርግጥ ያን ጊዜ ብዙ ሰው በትንሽ በትልቁ ይሞት ነበር፣ ይህን የልጅ ልጄ ሳትታክት ታስታውሰኛለች። ይሁን፤ ግን የሚሞተው ሙሉ ሰው ሆኖ ነው።

ወደ ደም ግፊቴ ልምጣ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውንና የሚነፋውን ያንን ነገር ያመጣው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የሚባል ጣሊያናዊ የቶሪኖ ሐኪም ነው። ዘመኑስ? እ.ኤ.አ. 1896። አዎ፣ ያው የዓድዋ ዓመት። አገሩ በየካቲት እጃችንን ማሰር ቢያቅተው፣ ሰውየው ዓመቱ ሳያልቅ የክንድ ማሰሪያ ሠርቶ ብቅ አለ። አያቶቻችን ለጣሊያን ያልሰጡትን እጅ እኔ ይኸው በየወሩ እሰጣለሁ። በማዳመጫ የደሙን ድምፅ እየሰሙ መለካትን የጨመረበት ደግሞ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮፍ ነው፣ በ1905። በእሱ አልቀየምም፤ ሩሲያ ከዓድዋ በኋላ የቀይ መስቀል ሐኪሞቿን ልካ ቁስለኞቻችንን አሳክማለች።

የምቀየመው በቁጥሩ ነው። ለረጅም ጊዜ ድንበሩ 140 በ90 ነበር፤ ከዚያ በታች ከሆንክ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራት ተሰብስበው ድንበሩን ወደ 130 በ80 አወረዱት። በአንድ ጀምበር ስንትና ስንት ሚሊዮን ሰው ሳያመው ታመመ። ቨርጂኒያ ያለው ልጄ ደውሎ «አባዬ፣ ደም ግፊት አለብህ» አለኝ። ማታ ስተኛ አልነበረብኝም እኮ! ደሜ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም፣ የተንቀሳቀሰው ድንበሩ ነው። እዚህ ያለው ሐኪም ደግሞ «የእኛ አሁንም 140 ነው» አለኝ። ለጥቂት ጊዜ በዋሽንግተን ሰዓት በሽተኛ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ጤነኛ ሆኜ ኖርኩ። ብዙም አልቆየሁ፤ ዕድሜ ሁለቱንም ድንበር አሻገረኝና ክኒን ጀመርኩ።

ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ አምሎዲፒን ይባላል፤ ግፊቴን ቀጥ አድርጎ አወረደው። ግን ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፤ ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ ምልክት እግሬ ላይ ታትሞ ያመሻል። እብጠቱን ያየልኝ ሌላ ሐኪም ነው፤ የልቡን ሐኪም ምን ሰጠኸው ብሎ አልጠየቀም፣ ፉሮሴማይድ የሚሉትን የሚያሸና ክኒን ጻፈ። እግሬ ጎደለ፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሽንት ቤት ስመላለስ ማንጋት ጀመርኩ። ቀጥሎ የእግሬ አውራ ጣት መገጣጠሚያ ተነሥቶ አንሶላ ሲነካኝ እንኳ የሚያስጮኸኝ ሆነ። ሪህ ነው አሉኝ። «ሥጋ ያበዛሉ እንዴ አባባ?» አለኝ ሦስተኛው። በየትኛው ጡረታዬ! ለሪሁ ዳይክሎፌናክ ታዘዘ፤ ዳይክሎፌናኩ ጨጓራዬን ላጠው፤ ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ተጨመረ። ይህን ሁሉ ተሸክሜ የልቡ ሐኪም ዘንድ ስመለስ ግፊቴ ወጥቷል። «መድኃኒቱን በትክክል አይወስዱም መሰለኝ» ብሎ ገረመመኝና አምስቱን ሚሊግራም አሥር አደረገው።

ነገሩን የፈታችው የሰፈራችን ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ማዘዣውን አየት አደረገችና «አባባ፣ ቤት ያለውን ሁሉ ይዘውልኝ ይምጡ» አለችኝ። ፌስታሉን አመጣሁ። የባንኮኒው መስታወት ላይ ዘረገፈችው፤ ጊዜ ያለፈበትን የዓይን ጠብታ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ካርቶኖቹን በተራ ደረደረቻቸውና በጣቷ እየነካች ቆጠረችልኝ። ይሄ እግር ያሳብጣል። ይሄ እብጠቱን በሽንት ያወጣል፣ ግን ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። ዩሪክ አሲድ ሲከማች ሪህ ይነሣል። ይሄኛው ሪሁን ያስታግሳል፣ ግን ጨጓራ ይልጣል፣ ደም ግፊትም ይጨምራል። ጣቷ ከመጨረሻው ካርቶን ተነሥቶ መጀመሪያው ላይ ተመልሶ ዐረፈ። አንድ በሽታ ይዤ ገብቼ አራት መድኃኒት ይዤ ወጥቻለሁ፤ ሦስቱ የመድኃኒት መድኃኒት ናቸው።

የእኔ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። ፓውላ ሮሾንና ጄሪ ገርዊትዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ይህንኑ ጽፈውታል፤ በአረጋውያን ላይ የመድኃኒቱ ጉዳት እንደ አዲስ በሽታ ይቆጠርና ሌላ መድኃኒት ይታዘዝለታል ብለው። ስለዚህ ይታወቃል ማለት ነው። ታትሟል። እኔ ድረስ እንዳይመጣ ግን ሊፍቱ አይሠራም። ደግነቱ የልቡ ሐኪም ልጅቷ የጻፈችለትን ወረቀት አንብቦ ትንሽ ዝም አለና አምሎዲፒኑን በሌላ ለወጠው፤ የቀሩትም በየተራ ቀሩልኝ። ጎበዝ ነው ብያችሁ የለ?

ጨጓራ ከተነሣ አይቀር። ከጎልማሳነቴ ጀምሮ «የአንተ ነገር በርበሬና ንዴት ነው» ስባል ኖሬአለሁ። በርበሬውን ተውኩ፤ ንዴቱን መተው አልሆነልኝም፣ አስተማሪ ነበርኩና። ፋሲካ ሲመጣ ቤተሰቡ በዶሮው ወጥ ፊቱ እስኪወዛ ሲበላ እኔ ጥግ ላይ ከአልጫዬ ጋር እፋጠጣለሁ። ለካ ፐርዝ በምትባል የአውስትራሊያ ከተማ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን «አብዛኛውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው» እያሉ የሚሰማቸው አጥተው ኖሯል። ማርሻል ቢቸግረው እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጥቶ የራሱን ጨጓራ አሳመመ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። እነሱን እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ፤ የእኔንስ ውዝፍ ዶሮ ወጥ ማን ይከፍለኛል? ያ ኤች ፓይሎሪ የሚሉት እኔም ዘንድ ተገኝቶ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለሁለት ሳምንት ዋጥኩ። ነጻ ነዎት ተባልኩ። «እንግዲህ በርበሬ እችላለሁ?» ብል መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «በእርስዎ ዕድሜ ባይበዛ ይመረጣል።»

ላቦራቶሪውን ብተወው ይሻለኛል። በባዶ ሆድዎ ይምጡ ይሉኛል፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት። ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዴ ስቆም ደም ልቅዳልህ ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። አንዷ ነርስ ደግሞ «ሕመምዎ ከአሥር ስንት ነው?» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ አስተምሬ ለማንም አሥር ከአሥር ሰጥቼ አላውቅም። «አራት ተኩል» አልኳት። ማስታገሻ ሳይሰጠኝ ቀረ።

አሁን ደግሞ ምርምሩ ቤቴ ድረስ መጥቷል። የልጅ ልጄ በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሷን እየሠራች ነው፤ መጠይቋን የምትሞክረው በእኔ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ «አንተ» የምትለኝ ልጅ ታብሌቷን ስትከፍት «እርስዎ» አለችኝ። በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነዎት? በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላሉ። ልቀልድባት ስል አንድ ታሪክ ነገረችኝ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጡት የታወቀ የስትሬፕቶማይሲን ጥናት አለ። መድኃኒቱ ጥቂት ነው፣ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛው ብዙ፤ ስለዚህ ዕጣ ጣሉ። ዕጣው የወጣለት መርፌውን ተወጋ፤ ያልወጣለት አልጋው ላይ ዕረፍት ብቻ። በስድስት ወር ውስጥ መርፌውን ካገኙት 55 ሰዎች 4፣ ካላገኙት 52 ሰዎች ደግሞ 14 ሞቱ። መድኃኒቱ እንደሚያድን ያን ያህል ጥርት ብሎ የታየው በዕጣው ምክንያት ነው ትላለች። እሺ፣ ዕጣ ፍትሕ ነው፣ እኔም ቅርጫ ላይ አልከራከርበትም። «ግን 52ቱ ምን አሉ?» አልኳት። አልተነገራቸውም አለችኝ፤ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ዕጣ እንደተጣለባቸው አያውቁም ነበር። የዛሬው ፈቃድ መጠየቂያ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ዝም ብዬ ፈረምኩላት።

ፊርማዬ ሳይደርቅ ግን «የቤትዎ ወለል ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አፈር፣ እንጨት፣ ሲሚንቶ፣ ሌላ ካለ ይግለጹ። ወለሉ ላይ ቆመሽ! ያደግሽበት ወለል! «አይ፣ ተጠያቂው ነው መናገር ያለበት» አለች።

ምርምር ማለት የእኛው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ነው፣ አልኳት። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዝያን ሊያጠና ዓድዋ ወርዶ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ያያል። ከእነሱ ወደ ታች ባለው ውኃ ውስጥ ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። ቢልሃርዝያ ያለ ቀንድ አውጣ አይዛመትም። ሴቶቹን ስለ ወለላቸው አልጠየቃቸውም፤ ወንዙን አየ። ከዚያስ? እንዶዱ ለሰው መርዛማ አለመሆኑ በእኛ መንገድ፣ በእኛ ላቦራቶሪ ይረጋገጥ እያሉ የውጭ አገር ሰዎች ስንት ዓመት አጉላሉት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። በ1990ዎቹ ደግሞ እንዶድ አሜሪካ ውስጥ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል ፍጥረት እንደሚገድል ታወቀና ፓተንቱ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እናቴ ነጠላዋን ያጸዳችበት እንዶድ! ንዴት ለጨጓራ አይሆንም ይሉኛል፤ ባክቴሪያ ነው ተብሎ የለም እንዴ? እናደዳለሁ!

ሰሞኑን ልጄ ከቨርጂኒያ ሌላ ወሬ አመጣ። ጀሪያትሪክስ የሚባል የሕክምና ዘርፍ አለ፤ ሽማግሌን እንዳለ የሚያይ፣ አካሄዱን፣ እንቅልፉን፣ ትዝታውን የሚጠይቅ፣ መድኃኒቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስዘርግፎ የማያስፈልገውን የሚቀንስ። ኢግናዝ ናሸር የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ለእርጅና የራሱ ሕክምና ይገባዋል ሲል ነበር አሉ። እንግዲህ ሰውን ቆራርጠው ከተከፋፈሉት በኋላ፣ ሙሉውን የሚያይ አንድ ተጨማሪ ስፔሻሊስት አሠለጠኑ ማለት ነው። ቢሆንም ደስ አለኝ። በማግሥቱ በሌሊት ተነሥቼ ካርድ ክፍል ተሰለፍኩና ተራዬ ሲደርስ በመስኮቱ አጎንብሼ «ልጄ፣ ሙሉዬን የሚያይ ሐኪም ዘንድ ካርድ አውጪልኝ» አልኳት። ኮምፒውተሯን ወደ ላይ ወደ ታች አለችው። «አባባ፣ ሲስተሙ እንደዚያ የሚል የለውም፤ ከእነዚህ አንዱን ይምረጡ» አለችኝ። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አባባ፣ ዓይን ይበሉ፤ የዓይን ሰልፍ አጭር ነው» ሲል መከረኝ።