ጤፍዎን ሸጠው ፈንድ ይግዙ

ቢቸና ወይም ሞጣ ተቀምጠው፣ ዘንድሮ ጤፉ ቀንቶዎት፣ ከማዳበሪያ ዕዳና ከልጅ ሠርግ የተረፈ ገንዘብ እጅዎ ላይ ካለ በሬ ለመግዛት አይቸኩሉ። በሬ ያረጃል፣ ድርቆሽ ይጨርሳል፣ ሌሊት ይሰረቃል። አሜሪካ ያለው የወንድምዎ ልጅ በስልክ እንደነገረዎት፣ የሠለጠነ ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ፈንድ ውስጥ ነው፤ የሚገዛውም ስልኩን እየነካካ፣ በርካሽ የኢንተርኔት ደላላ በኩል ነው። ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ። ጥቂት ጥቃቅን ነገሮችን ብቻ ላስታውስዎት።

አስቀድመው የሚገዙትን ይወቁ። ፈንድ ከሩቅ ሲያዩት ዕቁብ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ያዋጣል። ነገር ግን ዕጣ አይወጣም፣ ቡና አይፈላም፣ ዳኛውንም በዓይንዎ አያዩትም። የተዋጣውን ገንዘብ ሥራ አስኪያጁ ይረከብና ያተርፋል ያለውን ኩባንያ እየመረጠ አክሲዮን ይገዛል፣ ይሸጣል። ይህ «በንቃት የሚተዳደር ፈንድ» ይባላል። ሌላም ዓይነት አለ፤ ምርጫ ውስጥ ሳይገባ በገበያው ያሉትን ትላልቅ ኩባንያዎች ሁሉ በየመጠናቸው ገዝቶ የሚተኛ፣ ኢንዴክስ ፈንድ የሚሉት። ጆን ቦግል የተባሉ አሜሪካዊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1976 ለተራው ሰው ሲያቀርቡ 150 ሚሊዮን ዶላር ይሰበሰባል ተብሎ 11 ሚሊዮን ገደማ ብቻ መጣ፤ «የቦግል ሞኝነት» ተብሎም ተሳቀበት። እርስዎም ቢሆኑ የሚተኛ ሠራተኛ አይወዱምና ንቁውን ይምረጡ።

ሲመርጡ በሬ እንደሚመርጡ ይሁኑ። በሬ ሲገዙ ጥርሱን ያያሉ፣ ሻኛውን ይዳብሳሉ፣ ኮቴውን ያነሳሉ፣ ባለቤቱን «ለምን ትሸጠዋለህ?» ይላሉ። ፈንድ ጥርስ የለውም። ያለው ያለፉት ዓመታት ትርፍ የተሣለበት ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ነው፤ ከሥሩም በደቃቅ ፊደል «ያለፈው ውጤት ለሚመጣው ዋስትና አይሆንም» የሚል ጽሑፍ አለ። እስቲ ያስቡት፤ የበሬ ሻጭ «አምና በደንብ አርሷል፣ ዘንድሮ ማረሱን ግን አላውቅም» ቢልዎት ይገዙት ነበር? ደግሞም የሞተ በሬ ገበያ አይወጣም። የከሰሩ ፈንዶች ይዘጋሉ ወይም ከሌላ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ዝርዝሩ ላይ የሚያዩዋቸው የተረፉት ናቸው። ስለዚህ ሁሉም የሰቡ ቢመስልዎት አይደነቁ።

ዋረን ባፌት የተባሉት ባለጸጋ ደግሞ ክፉ ነገር ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2017 የሚቆይ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ውርርድ ገቡ፤ በአንድ ወገን የሚተኛው ኢንዴክስ፣ በሌላው ወገን ባለሙያዎች የመረጧቸው አምስት ንቁ ፈንዶች። ዐሥር ዓመቱ ሲሞላ የተኛው 125 በመቶ ገደማ አደገ፤ የነቁት አምስቱ ባማካይ 36 በመቶ ገደማ። ይህን ለወንድምዎ ልጅ አይንገሩት፤ ያዝናል።

ቀጥሎ ደላላውን እንይ። ከጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ትልልቆቹ የአሜሪካ የኢንተርኔት ደላሎች አክሲዮን ለማገበያየት ኮሚሽን አንቀበልም ብለዋል። እንዴት ደስ ይላል! የቢቸና ሰው ግን ከገዢ ሳንቲም የማይቀበል የከብት ደላላ አይቶ አያውቅም፤ ካየም «ከሻጩ ስንት ተቀበልህ?» ይላል። አልተሳሳተም። ከእነዚህ ደላሎች ብዙዎቹ የእርስዎን ትእዛዝ ለሚያስተናግዱት ትላልቅ ነጋዴዎች አሳልፈው በመስጠታቸው ከእነሱ ይከፈላቸዋል፤ ገንዘብ ሲመነዝሩም ትንሽ ይቆርጣሉ። ለነገሩ እኔም ምክሬን በነጻ ነው የምሰጠው፤ ያው ከነጻ ነገር ይጠንቀቁ።

ዋናው ነገር ግን የደላላው ርካሽነት የፈንዱን ክፍያ አለመንካቱ ነው። አህያው እህልዎን በነጻ ወፍጮ ቤት አደረሰልዎት እንጂ ባለ ወፍጮው ከእያንዳንዱ ቁና እፍኝ ማንሳቱን አልተወም። ሥራ አስኪያጁ በዓመት 1.5 በመቶ ይወስዳል እንበል። ከመቶ ብር አንድ ብር ከሃምሳ ለማን ይቆጫል? ቁጭ ብለን እናስላው። 100 ሺህ ብር በየዓመቱ 7 በመቶ ቢያድግ በ30 ዓመት 761 ሺህ ገደማ ይሆናል። በየዓመቱ 1.5 በመቶው ተነሥቶ ዕድገቱ 5.5 በመቶ ቢሆን 498 ሺህ ገደማ ላይ ይቀራል። የጎደለው 263 ሺህ ነው፤ ከሲሶ በላይ! ሲሶን ደግሞ እናውቀዋለን። የድሮው አባባል ሲሶውን ለነጋሽ፣ ለቀዳሽና ለአራሽ ያከፋፍላል። ይህ ሰው አይነግሥ፣ አይቀድስ፣ አያርስ።

በሲሶ የሚያርስ ሰው እንኳ ድርሻው ከተወቃው እህል ነው፤ በረዶ ከመታው ከእርስዎ ጋር ይራባል። ሥራ አስኪያጁ የሚወስደው ከትርፉ አይደለም፤ ከጠቅላላው ሀብት ገምቶ ነው። ገበያው ቢወድቅም ይወስዳል።

ገምቶ መውሰድ ሲባል የሆነ ነገር አላስታወሰዎትም? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ የገበሬው ምርት ይገመት በተባለ ጊዜ ጎጃም ሸፈተ፤ ከፊት ከተሰለፉት መካከል የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ነበሩ። ዛሬ ገማች ከገባ ነገ ቃላድ ጥሎ ርስታችንን ይለካል ብለው ፈሩ። ጦር ዘመተባቸው፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለባቸው፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፣ ግብሩም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። እርስዎ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ነዎት። ያን ጊዜ ገማች እንዳይገባ ጠመንጃ ተነሥቶ ነበር፤ አሁን «እስማማለሁ» የሚለውን በአውራ ጣት መንካት ብቻ ነው። ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው።

አንድ ትንሽ እንቅፋት ይቀራል፤ ብርዎን ማሻገሪያው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ብዙ ነገር ተፈቀደ፤ አገር ቤት ያለ ሰው ብሩን መንዝሮ የውጭ አክሲዮን እንዲገዛ ግን በሩ አልተከፈተም፤ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያሻዋል። ነገሩ ከሞጣ ወርደው ዓባይ ላይ እንደሚያገኙት እንደ ሰባራ ድልድይ ነው፤ በወዲህም በወዲያም ግንቡ አለ፣ የጎደለው መካከሉ ነው። ድሮ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ዛሬም «ገመድ አለኝ» የሚል የቴሌግራም ነጋዴ አይጠፋም፤ ገመዱን የሚለቀው መካከል ላይ ሲደርሱ ነው።

የሚያስቀው ደግሞ በዚያው ክረምት ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ማለፉ ነው። ትራስ ሥር የተረሳ ዶላር፣ ያለ ሥራ አስኪያጅ፣ በብር ሲቆጠር አድጎ ተገኘ።

«አገር ቤትስ?» ይሉኝ ይሆናል። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር በቴሌብር አቅርቦ ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። 47,377 ሰው 10.7 ሚሊዮኑን ብቻ ገዛ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የወጋገን ባንክን አክሲዮን መዝግቦ ተከፈተ። ነገር ግን ይህ ሁሉ በአማርኛ ሊጠየቅ የሚችል፣ ቢሮው አዲስ አበባ ያለ ጉዳይ ነው፤ ለእርስዎ ደረጃ አይመጥንም።

ደግነቱ አገራችን ለረጅም ጊዜ ኢንቨስተር ትመቻለች። ሊቃውንቱ «ዋጋውን በየቀኑ አትመልከት፣ ደንግጠህ ትሸጣለህ» ይላሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ ይህን ምክር ሳንወድ በግድ ፈጽመነዋል። እንዲህ ያለ የዲሲፕሊን ትምህርት ዎል ስትሪት ላይ በገንዘብ አይገኝም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የወንድምዎ ልጅ ሲደውል አመስግነው፣ መርቀው፣ አንዲት ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ፦ «ልጄ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት ሥራ አስኪያጁ ስንት ይመልስልኛል?» መልሱ እስኪመጣ ጤፉ ጎተራ ይቆይ። ልጁ «አጎቴ፣ አይሰማም፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ካለዎት ግን ኔትወርኩ ደህና መሆኑን ይወቁ።