የኮርቻ ዘንግ ውፍረትና የቢራ ጣሳ፦ ከባሕር ዳር የተገኘ ማስረጃ

ስለ ብስክሌት ጎማ፣ ፍሬንና ሰንሰለት ብዙ ተብሏል። የነጂውን ክብደት ዝም ብሎ ተሸክሞ የሚውለው የኮርቻ ዘንግ ግን ካልተሰበረ ወይም ካልተሰረቀ በቀር ስሙም አይነሳም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይጥራል። የጥናቱ ሥፍራ ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ይበዛባታል፤ ዛፍ ጥላ ሥር የሚሠሩት ጠጋኞቿም፣ በተለይ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ለቃለ መጠይቅ ፈቃደኞች ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ከቱቦው ነው። ዘንጉ የሚገባበት የድሮ የብረት ቱቦ የውጭ ዲያሜትሩ አብዛኛውን ጊዜ 28.6 ሚሊሜትር ነው። ውስጡ ግን እንደ ብረቱ ውፍረት ይሰፋል፣ ይጠባል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ዘንጉን በ0.2 ሚሊሜትር እያበላለጡ ይሠሩታል፦ 26.2፣ 26.4፣ 26.6 እያለ ይቀጥላል። እንደ እንግሊዙ ራሌይ ያሉት ከባድ ብስክሌቶች ብዙዎቹ 25.4 ሲሆኑ፣ ጥሩ ጥሩዎቹ የውድድር ብስክሌቶች ለረጅም ዘመን 27.2ን መርጠዋል።

0.2 ሚሊሜትር የሁለት ቅጠል ወረቀት ውፍረት ነው። ዓይን አያየውም፤ መቀመጫ ግን ያውቀዋል። ዘንጉ አንድ ደረጃ ከቀጠነ፣ ብሎኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ከቤቱ ረጅም ሆኖ የወጣ ሰው ገበያ ሲደርስ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ይቃጣዋል። አንድ ደረጃ ከወፈረ ደግሞ ጭራሹን አይገባም። ይህ እንግዲህ ጠጋኙ መዶሻ ከሌለው ነው።

ትክክለኛውን ቁጥር ፋብሪካው ብዙውን ጊዜ ዘንጉ ላይ ይቀርጸዋል። የሚቀርጸው ግን ወደ ታችኛው ጫፍ፣ ቱቦው ውስጥ በሚደበቀው ክፍል ነው። ቁጥሩን ለማንበብ ዘንጉን ማውጣት ያሻል፤ ቁጥሩ የተፈለገው ደግሞ ዘንጉ አልወጣም ስላለ ነው። የአሉሚኒየም ዘንግ ያለ ግራሶ ብረት ቱቦ ውስጥ ለዓመታት ከቆየ፣ በእርጥበት አማላጅነት ሁለቱ ይጣበቃሉ። ከዚያ በኋላ ፍቺውን የሚያጸናው መጋዝ ነው። ዘንጉ ከነኮርቻው ከደጅ የተወሰደበት ባለንብረት ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

በመስክ ምልከታው ካሊፐር የሚባለው መለኪያ አልታየም። ጠጋኙ አውራ ጣቱን ቱቦው ውስጥ ሰድዶ፣ አንድ ጊዜ አዙሮ፣ ከጆንያው የሆነ ብረት ያወጣል። የተለመደው ምልልስ ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ ይቺ ትሆናለች።»

«ብትላላስ?»

«ጣሳ እንጠቀልልባታለና።»

«ብትጠብቅስ?»

«ትለምዳለች።»

የጥናቱ ዐቢይ ግኝት እዚህ ላይ ነው። የቢራ ጣሳ ግድግዳ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዘንጉ ላይ አንድ ዙር ሲጠቀለል በወዲህ 0.1፣ በወዲያ 0.1 ይጨምራል፤ ድምሩ 0.2፣ ልክ አንድ የፋብሪካ ደረጃ። የብስክሌትና የቢራ ፋብሪካዎች በጉዳዩ ላይ ተቀምጠው ስለመነጋገራቸው ማስረጃ አልተገኘም። የጣሳው ዙሪያ 20 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ ለሁለት ዙር ይበቃል። ሦስተኛው ዙር ሁለተኛ ቢራ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲያ የልኬቱ ትክክለኛነት እየወረደ ይሄዳል።

ነገሩ ዲፕሎማሲያዊ ጎንም አለው። የሻንጋዩ ፊኒክስ ብስክሌት ከሉዲያናው ሂሮ የተነቀለ ዘንግ ሲገጠምለት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በድንበር የተዋጉት ቻይናና ህንድ አንድ ቱቦ ውስጥ በሰላም ያድራሉ። ድንበሩን የሚያስከብረው ጣሳው ነው።

ጥገናው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የተጠየቀ አንድ ጠጋኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እስከ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ዋስትና አለው፤ ከዚያ ወዲያ የሰውየው ኪሎ ነው» ብሏል።