ጊዮርጊስ ያለበት ይሁን

ዕቁብ የደረሰው ሰው ዘመዱ ይበዛል። ለንደን ብንኖርም የዕቁብ ጠባይ ያው የአገር ቤቱ ነው፤ ዕጣው በወጣ ማግስት ያልታሰበ ሠርግ ይደገሳል፣ የመኪና ጎማ ይተነፍሳል፣ ለዓመታት ድምፁ ያልተሰማ የአክስት ልጅ “እንዲያው ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው” ብሎ ይደውላል። ዘንድሮ ሲደርሰኝ ግን ተንኮል አሰብኩ። ለቤት ኪራዩም ለአገር ቤቱም የሚገባውን ሰጥቼ የተረፈችኝን ገንዘብ ማንም “እስኪ ለሁለት ሳምንት” ብሎ ሊበደረኝ ወደማይችል ነገር ልለውጣት፤ ወርቅ ልግዛባት። ወርቅ የገዛ ሰው ብድር ሲጠየቅ “ገንዘብ የለኝም” ቢል የንስሐ አባቱ ፊት እንኳ አያፍርም።

“ወርቅ ልገዛ ነው” ስላት የባለቤቴ ፊት በራ። “የወርቅ ሳንቲም” ብዬ ስጨርሰው መልሶ ጠፋ።

“ሳንቲም አንገት ላይ ይደረጋል?”

“አይደረግም፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።”

“ታዲያ ማን ያየዋል?”

“ማንም እንዳያየው ነው እኮ።”

እኛ ዘንድ ሠርግ ላይ ያልታየ ወርቅ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ የጥያቄዋን ክብደት አልናቅሁትም። መልሴን ያዘጋጀሁት ከአዲስ አበባው ፒያሳ ነበር። ወርቅ ቤት ስትገቢ የግራሙን ትከፍያለሽ፣ በላዩ የእጅ ዋጋ ትከፍያለሽ፤ የቸገረሽ ዕለት ልትሸጪው ስትሄጂ ግን ሚዛኑ የሚያነበው ግራሙን ብቻ ነው። ያ ሁሉ የተለፋበት አበባና ቅጠል እሳት ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል። ሳንቲም ግን ሳንቲም እንደሆነ ይሸጣል፤ የእጅ የሚባል ነገር የለበትም አልኳት።

“አለበት እንጂ” አለችኝ። “ፈረንጅ በነፃ ይመታልሃል?”

ይህቺን ጥያቄ ይዤ ነው ሀተን ጋርደን የሄድኩት። ሀተን ጋርደን የለንደን ወርቅና አልማዝ የሚሸጥበት መንገድ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ያብለጨልጫል፣ ከውስጥ የቆመው ሰው ጫማህን አይቶ በጀትህን ይገምታል። ብቻዬን አልሄድኩም። የዕቁባችን ዳኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር፣ “ወርቅ ብቻውን የገዛ ሰው ነሐስ ይዞ ይመለሳል” ብለው ተከተሉኝ። መነጽራቸውን ሁለት ዓይነት ይዘዋል፤ አንደኛው ለማየት፣ ሁለተኛው ለመጠራጠር።

ባለሱቁ የበጀቴን ልክ ስነግረው ትንንሾቹን ደረደረልን። እዚህ ላይ ነው የወርቅ ትንሽነት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የገባኝ። ብሪታንያ ከምትባለው የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም የአንድ አውንስ አንድ አሥረኛ የሆነችው 3.11 ግራም ወርቅ አላት፤ ስፋቷ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የእንግሊዝ 5 ሳንቲም፣ ያቺ ከኪስ ስትወድቅ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያነሣት፣ 18 ሚሊ ሜትር ናት። ከ2009 (የሳንቲሞቹን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጠራው) ወዲህ የሚመታው ሩብ ሶቨሪን ደግሞ ስፋቱ 13.5 ብቻ ነው፤ ሶቨሪን “ንጉሥ” ማለት ነው፣ የእንግሊዞች የወርቅ ሳንቲም ስም። የሜክሲኮው የወርቅ 2 ፔሶ ይብሳል፤ 13 ሚሊ ሜትር፣ 1.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ። አብዛኛው ላዩ ላይ 1945 ይላል እንጂ ከዚያ በኋላም በዚያው ዓመት ስም ሲመታ ኖሯል፤ ዕድሜውን የማይናገር ሳንቲም ነው። ጋሼ በመጀመሪያው መነጽር አዩት፣ በሁለተኛው አዩት፣ ከዚያ ባለሱቁን ሳይሆን እኔን “ምንጣፍ አለህ ቤትህ?” አሉኝ። አለኝ። “እንግዲያው ይህን ተወው።”

ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። ያቺ አንድ አሥረኛ ብሪታንያ ላይ “10 ፓውንድ” ተብሎ ተጽፏል፤ በሕግ ደረጃ የ10 ፓውንድ ገንዘብ ናት። ከእጥፍ በላይ ወርቅ የያዘው ሶቨሪን ደግሞ ዋጋው ጨርሶ አልተጻፈበትም፤ በሕግ ግን የአንድ ፓውንድ ገንዘብ ነው። የዳቦ ቤት ልጅ በሕጉ ብቻ ብትመራ ትንሿን ትመርጥ ነበር።

ወደ ባለቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ትክክል ነበረች፤ ፈረንጅ በነፃ አይመታም። በዕለቱ የዓለም ገበያ ዋጋ ላይ የሚጨመር ነገር አለ፤ ሻጮቹ ፕሪሚየም ይሉታል፣ የፒያሳው የእጅ ዋጋ የሥጋ ዘመድ ነው። ትንሽም ሆነ ትልቅ ሳንቲም ማኅተም ይፈልጋል፣ ማሽን ይፈልጋል፣ የሚፈትሽ ዓይንና የሚያሽግ እጅ ይፈልጋል። እንበልና የዚህ ሁሉ ወጪ ለአንዱ 20 ፓውንድ ነው። 20 ፓውንድ 31.1 ግራም በሆነው ሙሉ አውንስ ላይ ሲያርፍ ማንም አይሰማውም። አንድ አሥረኛው ላይ ሲያርፍ ይሰማል፤ ሩብ ሶቨሪን ላይ ሲያርፍ ያማል። በአዲስ አበባ ሰፈር ሱቅ ዘይት በጀሪካን የሚገዛና በመለኪያ የሚገዛ ሰው ያላቸው ልዩነት ነው፤ ወሩ ሲያልቅ በሊትር ሲሰላ ውዱን ዘይት የበላው ያ በመለኪያ የገዛው ነው፣ ባለሱቁም እሱኑ “አይዞህ” ይለዋል። የወርቅ ሳንቲም ሱቅም እንዲሁ ለደሃ ያዝናል፤ አዝኖ ሩቡን ያቀርብለታል።

ስለዚህ ክርክሩ ወደ ሁለት ጠበበ፦ በገንዘቤ አንድ ሙሉ ሶቨሪን፣ ወይም ጥቂት ጨምሬ ሁለት ግማሽ። ሙሉው 7.98 ግራም ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 7.32 ግራሙ ወርቅ ነው፤ ያም ሆኖ የአንድ አውንስ ሩብ እንኳ አይሞላም። ግማሹ የዚያ ግማሽ ነው።

ጋሼ ከግማሾቹ ጋር ቆሙ። “ችግር ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ አይመጣም” አሉ። “የግማሽ ችግር ሲመጣ ግማሹን ትሸጣለህ፣ ግማሹ ይተርፍሃል። ሙሉውን ይዘህ ከሆነ ለማሞቂያው ጥገና ብለህ ንጉሡን በሙሉ ልትሰጥ ነው?”

ምክራቸው ጤነኛ ነው፤ ወርቅ አዋቂዎችም ይህንኑ ነው የሚሉት። ችግሩ እኔ ነኝ። በእኔ ቤት ብር ከተመነዘረ አለቀ። ሃምሳ ፓውንድ ሳትመነዘር ወር ትቆያለች፣ ከተመነዘረች ማታ የለችም። ሁለት ግማሽ ቢኖሩኝ የመጀመሪያው የሚሸጠው “አንዱ አለ” በሚል ድፍረት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ “ብቻውን ምን ይሠራል” በሚል ኀዘኔታ። ሙሉውን የሚያሸጥ ነገር ግን ከባድ መሆን አለበት፤ ስንፍናዬ ራሱ ይጠብቀዋል። ይህን ለጋሼ ሳስረዳቸው “ዕቁባችን ለምን እንደሚያስፈልግህ አሁን ገባኝ” አሉ።

ይህን ስንነጋገር ባለቤቴ በስልክ ገባች። የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሃያ ሁለት።

“ሃያ ሁለት ካራት? ሃያ አራት የለም?”

አለ። ብሪታንያ ከ2013 ጀምሮ ሃያ አራት ካራት ናት። ሶቨሪን ግን ሃያ ሁለት ነው፤ ከአሥራ ሁለት እጅ አሥራ አንዱ ወርቅ፣ የቀረው መዳብ። ይህን ለባለቤቴ ማስረዳት ከባድ ነበር፤ የእኛ ሰው “መዳብ” ሲሰማ የተታለለ ይመስለዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የምትከፍለው ለ7.32 ግራሙ ወርቅ ነው፤ መዳቡ ከዚያ ላይ የተቀነሰ ሳይሆን በዚያ ላይ የተጨመረ ነው። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል፤ መዳቡ የገባው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እንዳያልቅ ነው። “ታዲያ አንተ መሳቢያ ውስጥ ልታስቀምጠው አይደል፣ በምን ያልቃል?” አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ኔትዎርኩ ተቋረጠ አልኩ።

በቬልቬት ሣጥን፣ ከምስክር ወረቀት ጋር የሚሸጠውን ባለ መስታወት ገጽ ሳንቲም በፍጥነት አለፍነው። ሣጥኑ ያምራል፤ ወርቅ ግን አይደለም። ባለሱቁ ደግሞ ሶቨሪን በእንግሊዝ ሕጋዊ ገንዘብ ስለሆነ ሲሸጥ የሚገኘው ትርፍ ግብር እንደማይከፈልበት በኩራት ነገረን። በዓመት እስከ 3,000 ፓውንድ የሚደርስ ትርፍ በማንኛውም ንብረት ቢሆን ነፃ ነው። እኔ በአንድ ሳንቲም ከዚያ በላይ የማተርፍበት ቀን ከመጣ ግብሩን እየዘፈንኩ ነበር የምከፍለው።

ትንሽ ወርቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህን የምለው ለመጽናናት ነው። እዚሁ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ የአክሱም ሳንቲሞች አሉ። ከንጉሥ እንዱቢስ፣ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አክሱም የራሷን ወርቅ ትመታ ነበር። መጀመሪያ 2.7 ግራም ገደማ የነበረው ክብደት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ፤ ባለሱቁ ካሳየኝ ሩብ ሶቨሪን ያንሳል። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ንጉሡን ግራና ቀኝ በስንዴ ዛላ አጅበው፣ ዙሪያውን በግሪክኛ ጽፈውበታል፤ የባሕር ማዶ ነጋዴ እንዲያነበው። ያን ሳንቲም ባየሁ ቁጥር ቅድመ አያቶቼም ጠበብ ያለ በጀት ያውቁ እንደነበር ይሰማኛል። ምንጣፍ ግን አልነበራቸውም።

ከዚያ ባለሱቁ ሶቨሪኑን ገልብጦ አሳየን፤ ክርክሩም አበቃ። ጊዮርጊስ ነው። ፈረስ ላይ ሆኖ፣ ዘንዶውን ከሥሩ ጥሎ። ቤኔዴቶ ፒስትሩቺ የሚባል ጣሊያናዊ በ1817 የቀረጸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ ሲፈራረቁ ጊዮርጊስ አንዳንዴ ቢጠፋም እየተመለሰ በጀርባ በኩል አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ተሳለሙት። ባለሱቁ ደነገጠ፤ ዕቃውን ሊበሉበት መሰለው።

የተሰጠኝ የተመቱበት ዓመት ከተደባለቀው ሶቨሪኖች መካከል ነበር፤ ዓመት ካልመረጥክ ይረክሳል። የአምስተኛው ጆርጅ ዘመን፣ ከፈረሱ እግር በታች ባለችው መሬት ላይ “ኤስ ኤ” የሚሉ ጥቃቅን ፊደላት ያሉበት። ፕሪቶሪያ የተመታ ነው ማለት ነው። “የእኛው አህጉር ልጅ ነው፤ ስደተኛ ነው” አሉ ጋሼ፣ ዋጋው ላይ ግን ምንም አላስቀነሰልንም።

ማታ እናቴን በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት። አዲስ አበባ ሆና ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

“ምንድን ነው እሱ?”

“ወርቅ ነው እማዬ። ጊዮርጊስ አለበት።”

ዝም ብላ ቆየች። “ልብሱስ?”

እውነቷን ነው። የፒስትሩቺ ጊዮርጊስ ከራስ ቁርና ከትከሻው ላይ ከሚውለበለብ ካባ በቀር የለበሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

“የድሮ ግሪኮች እንዲህ ነበር የሚሥሉት…”

“ጦሩስ?”

“ጎራዴ ነው የያዘው።”

“ብሩታዊትስ? ዛፉ የታለ?”

“ቦታ አልበቃም እማዬ፤ 22 ሚሊ ሜትር ነው።”

“ዓድዋ ላይ እንዲህ ሆኖ መጥቶ ቢሆን ማን ያውቀው ነበር?” አለች። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ማንም ሊያስረሳት አይችልም። “ለመሆኑ የት ልታስቀምጠው ነው?”

“መሳቢያ ውስጥ።”

“ከካልሲ ጋር?!”

ስለዚህ ማንም እንዳያየው የተገዛው ወርቅ አሁን ሳሎን፣ ሥዕለ አድኅኖዎቹ ጎን ተቀምጧል። እንግዳ ሁሉ ያየዋል፤ ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ ስለ ሀብል አላነሣችም። የአክስቴ ልጅ ግን ደውሏል።

ጋሼ ደግሞ ከሀተን ጋርደን ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ሒሳብ ሲሠሩ ነበር። ብቻህን ስትገዛ ነው ሩብና ግማሽ የሚመርጥህ፤ በማኅበር ከሆነ ማንም ስባሪ አይገዛም የሚል ሐሳብ መጣላቸው። በቀጣዩ የዕቁብ ቀን የወርቅ ዕቁብ የሚል ነገር አቀረቡ፤ በየዙሩ ለደረሰው ሰው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ሙሉ ሶቨሪን። መዋጮው በዕለቱ የወርቅ ዋጋ ይተመናል። ሐሳቡን ሁሉም ወደደው፤ ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወርቁ ቢወደድ ቀድሞ የደረሰው ሰው ለሌላው በውድ እየገዛ ሊኖር ነው ወይ? ቢረክስስ መጨረሻ የሚደርሰው ከስሮ ሊቀር? አንዷ እኅታችን ሳንቲሞቹ ሁሉ የአንድ ዓመት ይሁኑ አለች፤ አንዱ ባለ ቪክቶሪያውን አልፈልግም፣ መቅደላ ላይ የወረረችን እሷ ናት ብሎ ተነሣ። በ2022 ለንግሥት ኤልሣቤጥ መታሰቢያ የተመታው ሶቨሪን ደግሞ በጊዮርጊስ ፈንታ የንጉሣዊው ቤት አርማ የተቀረጸበት መሆኑን ስነግራቸው ቤቱ ተናወጠ። እስካሁን በአንድ ድምፅ የጸደቀው አንቀጽ አንድ ብቻ ነው፦ ጊዮርጊስ የሌለበት ሳንቲም ከመጣ ለዳኛው ይሰጣል። ጋሼ ድምፅ አልሰጡም፤ ሁለተኛውን መነጽር እየፈለጉ ነበር።