ምግቡስ የማን ሥራ ነው?

ሰው ያላስታመመ የለም። ምሳ ዕቃና ፔርሙስ በፌስታል አንጠልጥሎ ሆስፒታል በር ላይ ከጥበቃ ጋር መከራከር፣ «ሰዓቱ አልደረሰም» ተብሎ ፀሐይ ላይ መቆም፣ ሲገቡ ወጡ ቀዝቅዞ ማሞቂያ ማጣት፤ ይህን እንኳ ለምደነዋል። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። በየዋርዱ መድኃኒቱ ይጻፋል፣ ግሉኮሱ ይጻፋል፣ ሽንቱ ሳይቀር ይለካል። ታማሚው ምን እንደበላ፣ ጭራሽ መብላት አለመብላቱንም የሚመዘግብ ግን የለም።

የስኳር ታማሚውን እንይ። ኢንሱሊኑን ጠዋት 12 ሰዓት ይወጋል። ቁርሱ የሚመጣው የሌሊት ተረኛዋ አስረክባ ከወጣች በኋላ፣ አንዳንዴም 3 ሰዓት ሲሆን ነው። በዚህ መሃል ሰውዬውን ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይፈዝበታል፤ አስታማሚው ከረሜላ ፍለጋ ይሮጣል። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ምግብ ከዘገየበት ስኳሩ እንደሚወርድ ነርሷም ሐኪሙም ያውቃሉ። ግን መርፌው የነርሷ ነው፣ ዳቦው የወጥ ቤቱ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አልተገኘም። ቁርሱ ሲመጣም ነጭ ዳቦና ስኳር የገባበት ሻይ ነው፤ ለስኳሩም፣ ለኩላሊቱም፣ ለአራሷም ያው።

ቀዶ ጥገና የሚጠብቁትማ አይነሣ። «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» ይባላል። እሺ፣ ለማደንዘዣ ሆድ ባዶ መሆን እንዳለበት ማን ይከራከራል? ችግሩ ተራው ሳይደርስ መምሸቱ ነው። ድንገተኛ ገባ፣ መብራት ጠፋ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ «ለነገ ተላልፏል»። በነጋታውም እንደገና ጾም። ዓለም የሚሠራበት መመሪያ ሌላ ችግር ለሌለበት ሰው ቀለል ያለ ምግብ ማደንዘዣው 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቅዳል። ከሰዓት በኋላ የሚገባውን ሰው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጉሮሮው እስኪደርቅ ማቆየት ለምን አስፈለገ? ቁስሉስ በምን አቅሙ ይጠግግ?

በአፍንጫው ቱቦ የገባለትን ታማሚ የምትመግበው አስታማሚዋ ናት። ቤቷ አጥሚት አፍልታ፣ ቱቦውን እንዳይደፍነው በነጠላ አጥልላ፣ በትልቅ ሲሪንጅ ትሰጠዋለች። በቀን ስንቴ? ስንት ሲሲ? ምን ይጨመርበት? «ቀጠን አድርጊው» ከመባል በቀር የነገራት የለም። ራሱ ቀና ካላለ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊሄድ እንደሚችል ያስጠነቀቀቻትም የጎን አልጋ አስታማሚ ናት።

አይቻልም እንዳይሉን፣ እዚያው ግቢ ውስጥ የሕፃናት ክፍል አለ። በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ልጅ ኤፍ 75 የሚባለው ወተት በክብደቱ ልክ ተሰልቶ፣ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይሰጣል። ስንት ጠጣ፣ ስንት አስመለሰ፣ ይጻፋል። ልጁ በየቀኑ ይመዘናል። ምግብ እዚያ እንደ መድኃኒት ይታዘዛል። አዋቂው ግን ልብሱ እስኪሰፋው ከስቶ እንኳ ሚዛን ላይ የሚያቆመው የለም። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 በሆስፒታል ምግብ ላይ ውሳኔ ያሳለፈው በሀብታሞቹም አገር ታማሚ አልጋው ላይ እየከሳ ስላስቸገረ ነው። እነሱ ቢያንስ ጉዳዩን ጉዳይ ብለው ተቀመጡበት።

ከሁሉ የሚከፋው ጠያቂ የሌለው ነው። ሪፈር ተብሎ ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ አብሮት ያለው ወንድሙም ገንዘቡን ለመድኃኒትና ለምርመራ ጨርሶ ኮሪደር ላይ የሚያድር። ከጎን አልጋ «እንካ ቅመስ» ካልተባለ የዋርዱ እንጀራና ሽሮ ብቻ ነው፤ እሱም አፉን ስላቃጠለው ትቶት፣ ሳህኑ እንዳለ ይነሣል። ሳህኑን የምታነሣዋ ሴት ለማን ትናገር? ማንም አልጠየቃትም።

በጀት የለም ይሉናል። በዚህ የጤፍ ዋጋ ወጥ ቤቱ መቸገሩን እናውቃለን፤ ሠራተኞቹንም አንወቅስም። ሥነ ምግብ ያጠኑ ልጆችም ከየዩኒቨርሲቲው ተመርቀው ሥራ እየፈለጉ ነው። ለየሆስፒታሉ አንድ ሁለቱን መቅጠር ቢያቅት እንኳ፣ ታማሚው ሲተኛ መመዘን፣ ያልተነካ ሳህን ሲመለስ ካርዱ ላይ መጻፍ፣ ቀዶ ጥገናው መተላለፉ እንደታወቀ «ብላ» ማለት ስንት ብር ይፈጃል?